የፌሮሞን ወጥመድ በጅማ፦ ጠሪው ማን ነው? መጪውስ?

አጋሮ_ቡና

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። አረንጓዴ ክዳን፣ ቢጫ ጉሮሮና ነጭ ባልዲ ያለው ወጥመድ በበቆሎ ማሳ ዳር ተሰቅሎ ማየት ለጅማ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ብዙ ቀበሌ ለምዶታል። ችግሩ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። «ለተምች የሠራ ለቡና ፍሬ ቦርቧሪ ለምን አይሠራም? ለፍራፍሬ ዝንብስ? ለነቀዝስ?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «እስቲ ሞክሩት» ነው። እንዲህ ያለ መልስ ገንዘብም ወቅትም ያስበላል።

ፌሮሞን ማለት ነፍሳት እርስ በርስ የሚጠራሩበት ጠረን ነው፤ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ተባይ የሚስብ ሽታ ደግሞ ማባበያ ይባላል። ማባበያ ከመገዛቱ በፊት አራት ነገር መጠየቅ አለበት እላለሁ፦ ሽታውን የሚለቀው ማን ነው? ሽታውን ተከትሎ የሚመጣው ማን ነው? በስንት ሰዓት ይመጣል? የሚመጣው ራሱ ጉዳት አድራሹ ነው ወይ? መልሱ ከአንዱ ተባይ ወደ ሌላው ፈጽሞ ይለያያል። በየዘርፉ የምታውቁ ልክና ቁጥር እየጠቀሳችሁ ጻፉልን። በቡናው እኔ እመለሳለሁ።

ሦስት_አጽቄ

ጥሩ መነሻ ነው። ተምች የእሳት እራት ስለሆነ ከእሳት እራቶች ልጀምር።

እዚህ ጠሪዋ ሴቷ ናት። ማታ ቅጠል ላይ ወጥታ ትቀመጥና ከሆዷ ጫፍ ያለውን እጢ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋ ጠረኗን ለነፋስ ትለቃለች። መጠኑ እጅግ ኢምንት ነው። አዶልፍ ቡተናንትና ባልደረቦቹ የሐር ትል እራትን ጠረን ለይተው ያሳወቁት በ1959 እ.አ.አ. ነበር፤ ለዚያ ከ500,000 ያህል ሴት እራቶች እጢ መውሰድና 20 ዓመት ያህል መሥራት ግድ ሆኗል። ንጥረ ነገሩን ቦምቢኮል አሉት። የወንዱ አንቴና ለዚህ ጠረን የተሠራ ነው፦ አንድ የቦምቢኮል ሞለኪውል ብቻ ያረፈበት የነርቭ ሕዋስ ምልክት መላክ ይችላል።

ወንዱ ሽታው ወደበረታበት አቅጣጫ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ እንደዚያ አይደለም። ጠረኑ ሜዳ ላይ እየደከመ የሚሄድ ወጥ ደመና አይሆንም፤ ነፋስ ይቆራርጠዋል። ወንዱ የጠረን ቁራጭ ሲያገኘው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይበራል። ሲጠፋበት ወደፊት መሄዱን ያቆምና ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ይፈልጋል። ሲያገኘው እንደገና ነፋሱን ይገጥማል። ስለዚህ ከቤት ጀርባ ወይም ጥቅጥቅ ካለ አጥር ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ የተሰቀለ ወጥመድ ባዶውን ይከርማል። ሁለት ወጥመድ ተጠጋግቶ ከተሰቀለም ጠረናቸው ተቀላቅሎ የሁለቱም ቁጥር ይዛባል። በመካከላቸው ቢያንስ 50 ሜትር ይኑር።

ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቁና የድብልቁ ልክ ነው። ሁለት ቤት በአንድ ዓይነት ቅመም በርበሬ አዘጋጅተው ጣዕሙ እንደሚለያየው ማለት ነው። የአውሮፓ በቆሎ ግንድ ቦርቧሪ ሁለት ዘር አለው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙት ያንኑ ሁለት ንጥረ ነገር ነው፤ ግን አንደኛው 97 ለ3፣ ሌላኛው 1 ለ99 አድርጎ ይቀላቅላል። የአንዱ ወንድ ወደ ሌላው ሴት አይሳብም ማለት ይቻላል።

የመጤ ተምች ዋናው ንጥረ ነገር ዜድ-9-ቴትራዴሴኒል አሴቴት ይባላል። ከእሱ ጋር በጥቂቱ ዜድ-7-ዶዴሴኒል አሴቴት መኖር አለበት፤ ይህችኛዋ ጥቂት ከጎደለች ወንዱ በደንብ አይመጣም። አሁን ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ሰንሰለቱ 14 ካርቦን ነው፣ ሁለተኛው 12። አጭሩ ቀድሞ ይተናል። ስለዚህ ያረጀ ማባበያ ሽታው ከመድከሙም በላይ ልኩ ይዛባል። «ገና ይሸታል» ብሎ ማቆየት የማያዋጣው ለዚህ ነው። የሰው አፍንጫ ለዚህ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ቀርሳ_በቆሎ

ሦስት አጽቄ መሠረቱን ጥሎልናል፤ እኔ የማሳውን ሥራ ልጨምር።

ወጥመዱ የሚሰቀለው በቆሎው ሳይበቅል ነው። በእኛ አካባቢ በቆሎ የሚዘራው በአብዛኛው ሚያዝያና ግንቦት ስለሆነ ዘሩ በሚወድቅበት ሳምንት ወጥመዱ ቆሞ መገኘት አለበት። የሚፈለገው የመጀመሪያዎቹን እራቶች ቀን ማወቅ ነውና፣ በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ መስቀል ግማሽ ጥቅሙን ያሳጣል።

3 ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ወይም አጣና ይተከላል፤ ከአናቱ አግድም ክንድ ይታሰርና ወጥመዱ ከመሬት 1.25 እስከ 1.5 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል። በቆሎው ሲያድግ ወጥመዱም ከፍ ይላል፤ ሁልጊዜ ከቅጠሉ አናት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በላይ ይሁን። በቅጠል የተሸፈነ ወጥመድ ጠረኑን ነፋስ አይወስድለትም።

ማባበያው በክዳኑ ሥር ባለችው ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። በጓንት ወይም በንጹሕ መቆንጠጫ ይነካ። እጅ ላይ የቀረው ጠረን ባልዲውን፣ አጣናውንና ልብስን ያሸታል፤ ወንዶቹ ያንን ይዞራሉ። ባልዲው ውስጥ ገዳይ ስትሪፕ (የገቡትን የሚገድል ቁራጭ) ይቀመጣል፤ እሱም መርዝ ስለሆነ በባዶ እጅ አይያዝ፣ ሕፃናት የሚደርሱበት ቦታም አይቀመጥ። ስትሪፕ ከሌለ የገቡት እራቶች ውስጥ ለውስጥ ሲራገጡ ክንፋቸው ይረግፍና መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ቆጠራው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ነው። ተቆጥሮ ይጻፋል፣ ባልዲው ይጸዳል። ማባበያው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያገለግላል፤ እኔ 4 ሳምንት እላለሁ፣ ወደ ጊቤ ቆላ ለወረደ ግን 3። የተሰቀለበትን ቀን ክዳኑ ላይ በማርከር መጻፍ ነው። አሮጌው ማባበያ ማሳው ውስጥ አይጣል፤ መሬት ላይ ሆኖ እየጠራ ከወጥመዱ ይሻማል።

የሚበላሸው የት ነው? በክረምቱ ዝናብ ባልዲው ውኃ ይይዛል፤ ከታች ያሉት ቀዳዳዎች በክንፍ ብናኝ እንዳይደፈኑ ይታዩ። ጉንዳን በሽቦው ወርዶ የሞቱትን ይጠርጋል፤ «ምንም አልያዘም» የሚባለው አንዳንዱ ወጥመድ ጉንዳን የበላበት ነው። ሽቦው ላይ ግራሶ መቀባት ይበቃል። ሌላው ትልቁ ስህተት የሁለት ተባይ ማባበያ በአንድ ባልዲ ማስገባት ነው፤ አንዱ የሌላውን ወንድ ሊያባርር ይችላል።

የገባው ሁሉ ደግሞ መጤ ተምች አይደለም። ሎሬዪ የምትባል ሌላ እራት በዚሁ ማባበያ ትያዛለች። ክንፏ ገለባማ ነው። የመጤ ተምች ወንድ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ነቁጥ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሞላላ ቡናማ ምልክት አለው። ሳይለዩ መቁጠር ያለ ምክንያት ርጭት ያስጀምራል።

ዴዶ_ደጋ

ጥሩ ትምህርት ነው፣ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ወጥመዱ ወንዱን የሚይዝ ከሆነ፣ በሄክታር 30 እና 40 ሰቅለን ወንዱን ብንጨርሰው ሴቷ የምትጥለው እንቁላል መና አይሆንም? ለምንድን ነው ለመቁጠር ብቻ የምንጠቀምበት?

ሦስት_አጽቄ

ወንድሜ ዴዶ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ለመጤ ተምች ግን አያዋጣም። ምክንያቱ ብዙ ነው።

አንድ ወንድ በተለያዩ ሌሊቶች ብዙ ሴት ማጥቃት (ማዳቀል) ይችላል። ከአሥር ወንድ ዘጠኙን ብትይዝ እንኳ የቀረው አንዱ ብዙ ሥራ ይሠራል። ቀጥሎ፣ ማባበያው የሚወዳደረው ከሕያዋን ሴቶች ጋር ነው፤ ተባዩ በበዛ ቁጥር ጠሪዋም ስለምትበዛ ወጥመዱ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይደክማል። ከሁሉም የከፋው ግን ሴቷ ከሌላ ቦታ ተጠቅታ መምጣቷ ነው። ይህች እራት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትበር ትችላለች። የዴዶን ወንዶች ብትጨርስ ከሌላ ወረዳ እንቁላሏን ይዛ ትመጣለች፤ ለእሷ ደግሞ ማባበያው ምንም አይደለም።

ማሳውን በሙሉ በጠረኑ አጥለቅልቆ ወንዱ ሴቷን እንዳያገኝ ማደናገርም አለ። ወንዱ የሚመራው በተቆራረጠ ጠረን ነው ብለን የለ? አየሩ በወጥ ጠረን ከተሞላ መንገዱ ይጠፋበታል። ይህ ግን ሰፊና የተያያዘ እርሻ ይጠይቃል። ሩብ ሄክታር ላይ አይታሰብም።

ቀርሳ_በቆሎ

አንድ ነገር ልጨምርበት። የወጥመድ ቁጥር የጉዳት ቁጥር አይደለም። ወጥመዱ «መጥተዋል፣ ማሳህን እይ» ነው የሚለው። ከዚያ ማሳው ውስጥ ዳብልዩ ቅርጽ እየሠሩ 5 ቦታ መቆም፣ በየቦታው 20 ተክል ማየት ነው። 100 ተክል ስለሚሆን ቁጥሩ ራሱ መቶኛ ነው። የሚታየው ትኩስ ጉዳት ነው፦ ቅጠል ላይ ያለ ነጣ ያለ መስኮት መሳይ ጭረት፣ እምቡጡ ውስጥ ያለ እርጥብ ኩስ። እንቁላሉ ሙቀት ካለ በ2 እና 3 ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉ ትልቅ ሆኖ እምቡጡ ውስጥ ከገባ ርጭት አይደርስበትም። ስለዚህ ወጥመዱ ማሳየት ከጀመረ በኋላ ያለው ሳምንት ወሳኝ ነው።

መምህር_ሳይንስ

ለትምህርት ቤት የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማባበያ ሳይገዛም ጠረኑ ሲሠራ ማሳየት ይቻላል።

ትልልቅ የመጤ ተምች ትሎች ከበቆሎ ይለቀማሉ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የሚመስል ነጭ መስመር፣ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉት ነው። እርስ በርስ ስለሚበላሉ እያንዳንዱ ለብቻው በክዳን የታሸገ ቀዳዳ ያለው ብልቃጥ ውስጥ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል እርጥብ አፈርና ትኩስ የበቆሎ ቅጠል ይደረግለታል። አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጣል። እራት ሆኖ እስኪወጣ በሞቃት ቦታ ከሳምንት ትንሽ በላይ፣ በብርድ ጊዜ ከዚያ በጣም የበለጠ ይወስዳል።

ከወጡት መካከል ሴቷ ትለያለች፤ ለብቻዋ ስለወጣች ያልተጠቃች ናት። ክንፏ ግራጫ፣ ምልክት የሌለበት ነው። በአጎበር ጨርቅ የተሰፋ ጣሳ የሚያህል ጎጆ ውስጥ፣ በማር ውኃ የራሰ ጥጥ አስገብቶላት (1 እጅ ማር፣ 9 እጅ ውኃ) ሳሙና የገባበት ውኃ ካለበት ገበቴ በላይ ማንጠልጠል ነው። ከእሷ 50 ሜትር ርቆ ደግሞ ተመሳሳይ ባዶ ጎጆ በተመሳሳይ ገበቴ ላይ ይሰቀላል። ያለዚያ ባዶ ጎጆ የተያዙት ወንዶች ለእሷ መጡ ወይስ በአጋጣሚ ገቡ ማለት አይቻልም። በወጣች በመጀመሪያው ሌሊት ላትጠራ ትችላለች፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጠበቅ ነው። አካባቢው መብራት ካለበት ውጤቱ ይበላሻል። ሲያበቃ ሁሉም ይገደሉ፣ ወደ ማሳ አይለቀቁ።

አጋሮ_ቡና

አሁን ወደ ቡናው። የቡና ፍሬ ቦርቧሪን፣ ያችን ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ፣ ልዩ የሚያደርገው ወንዱና ሴቷ እዚያው ፍሬው ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

እናቲቱ ፍሬውን ከእምብርቱ ቀድዳ ገብታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ከሚፈለፈሉት ሴቶቹ ከወንዶቹ 10 እጥፍ ያህል ይበልጣሉ። ወንዱ ትንሽ ነው፣ መብረር አይችልም፣ በተፈለፈለበት ፍሬ ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። እህትና ወንድም እዚያው ይገናኛሉ፤ ሴቷ ወደ ውጭ የምትወጣው ተጠቅታ ነው። ከሩቅ ወንድ የምትጠራበት ምክንያት የላትም፣ ቢጠራም የሚበር ወንድ የለም። ስለዚህ «የቦርቧሪ ፌሮሞን» ተብሎ ወንድ ሊስብ የሚሸጥ ነገር ካለ ከጥያቄው መጀመሪያ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከፍሬ የወጣችው ሴት የምትፈልገው ሌላ ፍሬ ነው፤ ፍሬውንም በሽታውና በቀለሙ ታገኘዋለች። ማባበያዋ የአልኮል ድብልቅ የሆነው ለዚህ ነው፦ 3 እጅ ሜታኖል ለ1 እጅ ኤታኖል፣ ወይም እኩል በእኩል። እዚህ ላይ ከተምቹ በጣም የሚሻል ነገር አለ፤ ወጥመድ ውስጥ የምትገባው እያንዳንዷ እንቁላል ልትጥል የወጣች እናት ናት። የዴዶው ወንድማችን ሐሳብ፣ ብዙ ወጥመድ ሰቅሎ ቁጥሩን መቀነስ፣ ለተምች ባይሆንም ለዚህ ትርጉም አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጎኑ ላይ ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር መስኮት ይከፈትለታል። ውጭው ቀይ ቀለም ይቀባል። ከሥሩ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፤ ሳሙናው ጥንዚዛዋ ውኃው ላይ እንዳትንሳፈፍ ነው። መሐል ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የመድኃኒት ብልቃጥ በሽቦ ትንጠለጠላለች፤ ክዳኗ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ብልቃጧ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካለቀች ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አስለውጡት። ወጥመዱ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል። በሄክታር 20 ያህል ይበቃል፤ ከአንዱ እስከ አንዱ 22 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ጊዜው ከሁሉም ይበልጣል። ዛፉ ላይ ፍሬ ሞልቶ ሳለ ወጥመዱ ከሚሊዮን ፍሬ ጋር ይወዳደራልና ይሸነፋል። የሚሠራው ለቀማ ካለቀ በኋላ ነው። የእኛ ለቀማ በታኅሣሥ ካበቃ በጥር ይሰቀል፣ እስከ ሚያዝያ ይቆይ። በቃርሚያው ጀንፈል ውስጥ ተደብቀው የከረሙት ሴቶች የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲያርስ በብዛት ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ዛፉ ላይ የሚገቡበት ፍሬ ስለሌለ ወደ ወጥመዱ ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ ቃርሚያን አይተካም። ዛፉ ላይ የደረቀውና መሬት የወደቀው ፍሬ ሳይለቀም ወጥመድ መስቀል ድካም ነው። ከ1,500 ሜትር በታች ያለ ቡና ላይ ደግሞ ተባዩ ይበልጥ ይበረታል፤ የቆላ ቡና ያላችሁ ቅድሚያ ስጡት።

ሊሙ_ገነት

አጋሮ፣ ሜታኖል ማግኘት ለገበሬው ከባድ ነው። አረቄ ብቻ ቢደረግስ?

አጋሮ_ቡና

እህቴ፣ አረቄ ኤታኖልና ውኃ ስለሆነ ጥቂት ይስባል፤ ውኃው ግን ብዙ ነው፣ ሜታኖሉም የለበትም። ከድብልቁ ጋር አይወዳደርም። ወጥመዱ ቦርቧሪ መኖሩን ለማየት ብቻ ከሆነ ይሞከር፤ ለመቀነስ ከሆነ አልመክርም።

ሜታኖልን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂት የጠጣው ሰው ዓይኑን ያጣል፣ ይሞታል። ሽታውና መልኩ እንደ አረቄ ስለሆነ በአረቄ ወይም በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበት፣ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት፣ በማኅበሩ መጋዘን ይቆለፍበት። ብልቃጦቹም ተሞልተው ለገበሬው ይሰጡ እንጂ ጀሪካኑ ቤት ለቤት አይዙር። ድብልቁ እሳት በቀላሉ ይይዛል፤ ጪስ ካለበት ጎጆ አጠገብ አይቀዳ።

ወጥመዱ ውስጥ ያለ ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ሁሉ የፍሬ ቦርቧሪ አይደለም። ኤታኖል የቡና ቅርንጫፍ ቦርቧሪንና ዘመዶቹንም ይስባል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ የፍሬ ቦርቧሪዋ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰች፣ ጀርባዋ ላይ በረድፍ የቆሙ ጠንካራ ፀጉሮች ያሏት ናት። ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ናሙና በአልኮል ይዞ መሄድ ይሻላል።

ጅሬን_ፍራፍሬ

ስለ ፍራፍሬ ዝንብ። በ2003 እ.አ.አ. ኬንያ ላይ የታየችውና ከዚያ ወዲህ አፍሪካን ያዳረሰችው የምሥራቅ ፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነገሩ ከእሳት እራት ይገለበጣል፤ ጠሪው ወንዱ ነው። አመሻሹ ላይ ወንዶቹ ቅጠል ላይ ተሰብስበው ጠረን ይለቃሉ፣ ሴቶቹ ይመጣሉ።

ይህ ጠረን ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ወንዱ ሜቲል ዩጂኖል የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ፈልጎ ይበላል፤ ሆዱ ውስጥ ይለውጠውና መውጫው አጠገብ ባለ እጢ ያከማቸዋል። የበላ ወንድ ካልበላው ይልቅ በሴቶች ዘንድ ይመረጣል። ሜቲል ዩጂኖል የምንሰቅለው በዚህ ረሃቡ ልንይዘው ነው። ለአቅመ ጋብቻ የደረሰ ወንድ ነው የሚመጣው፤ አንዴ ጠግቦ የበላ ደግሞ ለጊዜው ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ለቁጥጥር ጥጥ ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ሜቲል ዩጂኖልና ገዳይ መድኃኒት ተደርጎ፣ ዝናብ በማይደርስበት ወጥመድ ውስጥ፣ በዛፉ ጥላ ሥር 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀላል። ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ቶሎ ይተናል። በጓንት ይሠራ።

ቅርንፉድ ዘይት ተመሳሳይ ነው የሚሉ አሉ። የቅርንፉዱ ዩጂኖል ነው፤ ሜቲል ዩጂኖል አይደለም፣ ምትክ አይሆንም።

ፍሬውን የምትወጋው ሴቷ ስለሆነች ወንዱን መያዝ ብቻውን ፍሬውን አያድንም። ሴቷ እንቁላል ለማፍራት ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ እሷን የሚይዘው የእርሾ ፕሮቲን ማጥመጃ ነው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ፣ የወደቀው ማንጎ ደግሞ በጥቁር ፌስታል ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ወይም ይቀበር።

ጎተራ_ጠባቂ

ስለ ነቀዝ ባጭሩ። በበቆሎ ነቀዝ ላይ ጠሪው ወንዱ ነው፣ እህል እየበላ ሳለ ይጠራል፣ የሚመጡት ግን ወንድም ሴትም ናቸው። «እዚህ ምግብ አለ፣ እዚህ ጋብቻ አለ» የሚል የመሰብሰቢያ ጠረን ነው። ጎተራ ውስጥ ማባበያ ማስገባት መኖሩን ያሳውቃል፤ እህሉን አያድንም። የሚያድነው በደንብ የደረቀ በቆሎ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማሰር ነው። ጎተራው በር ላይ ማባበያ መስቀል ደግሞ ከደጅ ያለውን መጥራት ስለሆነ ይቅር።

ሰቃ_አናቢ

ንብ ተባይ ባትሆንም ለጅማ ሰው ይህ ክር ያለ ንብ ጎዶሎ ነው።

ያልተጠቃች ንግሥት ከቀፎ ወጥታ ስትበር 9-ኦክሶ-2-ዴሴኖይክ አሲድ የሚባል ጠረን ከአፏ አካባቢ ካለ እጢ ትለቃለች። ድንጉላዎቹ (ወንድ ንቦቹ) ከ10 እስከ 40 ሜትር ከፍታ ላይ በሚሰበሰቡበት የታወቀ ቦታ ያሳድዷታል። የሚገርመው ያው ድንጉላ በቀፎው ውስጥ ከእሷ ጎን ሲሄድ ፊቱን አያዞርላትም። ያው ጠረን ቀፎ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ንግሥት መኖሯን ለሠራተኞቹ ይነግራል፣ እንቁላል እንዳይጥሉ ይከለክላል።

ተግባሩ ይህ ነው፦ ንግሥቷ ከተፈለፈለች በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ፀሐያማና ነፋሱ ለስላሳ የሆነ ከሰዓት በኋላ ያስፈልጋታል፤ ከ10 እስከ 20 ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች። በሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳይፋታ ከሰነበተና አንድ ወር ገደማ ሳትወጣ ካለፋት ጊዜዋ ያልፋል፤ ከዚያ ድንጉላ ብቻ ትጥላለች። ምልክቱ በሠራተኛ ንብ ቀዳዳ ላይ ጉብ ብሎ የወጣ ክዳን ነው። እንዲህ ያለውን ቀፎ ለማትረፍ ንግሥቷን ማንሳትና ከደህና ቀፎ ጋር ማዋሃድ ነው። ስለዚህ ቀፎ መክፈልን ዝናቡ ከሚበረታባቸው ወሮች ማራቅ ይገባል።

አባቶች አዲስ ቀፎ በጠጅ ሳር የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠጅ ሳር ሲትራል አለው፤ ሲትራል ደግሞ ሠራተኛ ንቦች መንጋውን «ወደዚህ ግቡ» ሲሉ ከሚለቁት ጠረን አንዱ ክፍል ነው። ይህኛው የጋብቻ ሳይሆን የመሰብሰቢያ ጠረን ነው። እፍኝ ትኩስ ቅጠል ውስጡን ማሸት ይበቃል፤ ሲበዛ ንቧን ያርቃል።

ጊቤ_ዳር

ከሩቅ መጥራት እስካሁን ተነግሯል፤ ቀርቦ መለየት ግን አልተነካም። እኛ ጋ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ጥሩ ምሳሌ ናት።

የቆላ ዝንብ ወንድ ሴቷን ከሩቅ በጠረን አይፈልግም። ከብቱ አጠገብ ይጠብቃታል፤ በዓይኑ አይቶ ያርፍባታል። የራሱ ዝርያ ሴት መሆኗን የሚያውቀው በእግሩ ሲነካት ነው፤ ቆዳዋ ላይ ያለው ሰም መሳይ ቅባት ይነግረዋል። ይህ ቅባት አይተንም ማለት ይቻላል፤ ሳይነኩት አይታወቅም። በላቦራቶሪ ቅባቱ የተቀባ ማታለያ ዕቃን እንኳ ወንዱ ሲነካው እንደ ሴት ሊገናኘው ይሞክራል። የብዙ ነፍሳት የቅርብ መለያ እንዲህ ነው። የቤት ዝንብ ሴት ዜድ-9-ትሪኮሴን የሚባል ቅባት አላት፤ በ1971 እ.አ.አ. ከተለየ ወዲህ ለዝንብ ማጥፊያ ስኳር መሳይ ፍሬ ውስጥ ይጨመራል።

ለእኛ ትርጉሙ፣ ለቆላ ዝንብ የጋብቻ ማባበያ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ወጥመዷ የምትሠራው በከብት ሽታና በቀለም ነው። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ፣ አሴቶን በጠባብ አፍ ጠርሙስ፣ ከጎኑ ደግሞ ተከድኖ የሰነበተ የላም ሽንት ነው። ትኩስ ሽንት ደካማ ነው፤ ሲቆይ ነው ዝንቧን የሚስበው ንጥረ ነገር የሚበረክተው። ወጥመዱ ዙሪያ ሣሩ 2 ሜትር ያህል ይታጨድ፤ ከቁጥቋጦ ተሸፍኖ ካልታየ ሽታው ብቻውን አያስገባትም። ወንድም ሴትም ትያዛለች፣ ሁለቱም ደም መጣጭ ናቸው።

ሊሙ_ገነት

የተምች ማባበያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ ይበላሻል? ለሚቀጥለው ዓመት የተረፈውስ?

ቀርሳ_በቆሎ

የአንድ ቀን መንገድ የታሸገ ማባበያን አይጎዳም፤ የፎይል ከረጢቱ ሳይቀደድ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ሞተሩ አጠገብና ፊት ለፊት መስታወት ሥር ግን አይቀመጥ። የተለያየ ተባይ ማባበያ ለየብቻው ታሽጎ በተለያየ ላስቲክ ይያዝ፤ ጠረኑን የያዘው ጎማ የጎረቤቱን ጠረን ይመጥጣል።

የተረፈው ሳይከፈት ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ፍሪዘር ከሌለ ፍሪጅ ለአንድ ወቅት ይበቃል፤ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቀበሌ ግን ለዓመት አታስቀምጡ፣ በወቅቱ የሚበቃውን ብቻ ግዙ። ለአንድ ወጥመድ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በየ4 ሳምንቱ ቢቀየር 5 ወይም 6 ማባበያ ነው። የተከፈተ ከረጢት ተመልሶ አይቀመጥም።

ምግብ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ በክዳን በሚዘጋ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይሁን። ገዳዩ ስትሪፕ ግን በምንም መንገድ ከምግብ ጋር አይግባ።